አባቴ ያመጣው ሰውዬ

ሰውዬውን ቤታችን ያስገባው አባቴ ነው። በገዛ እጁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ነገር ሲበላሽ አባቴ ሰውዬውን ከሰማይ የወረደ ስላስመሰለው ነው።

ጆንያው ውስጥ የነበረው ቁጥር አርባ አምስት የወንድ ጫማ፣ ክርኑ የተጣፈ ካፖርትና አንድ ባርኔጣ ነው። ሰውዬው ይኸው ነበር፤ ሥጋም አጥንትም አልነበረውም። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በእሱ የቀናሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ በማንም ቀንቼ አላውቅም። ቅናት አጥቼ አይደለም፤ በጓደኞቼ ባል፣ በእህቴ ፀጉር፣ በጎረቤት መኪና ቀንቻለሁ። እንደ ሰውዬው ግን አንጀቴን ያሳረረው የለም።

ነገሩ የጀመረው በሌባ ነው። በዚያ ወር ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ቤት ተሰረቀ። ከሁሉ ከሁሉ የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ጉድ አደረጉት፤ ተኝቶ ሳለ የለበሰውን ብርድ ልብስ ሳይቀር ገፈው ወሰዱበት። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰው ሁሉ «እንዴት አደርክ፣ በረደህ እንዴ?» እያለ ሲያላግጥበት ዋለ። አባቴ ግን አልሳቀም። ቤት ገብቶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየገፋ ሞከራቸው።

አባቴ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ከከተማው ዳር ያለ የጣውላ መጋዘን ነው የሚጠብቀው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወጣል፣ ጠዋት እኛ ለትምህርት ቤት ስንለባብስ ይገባል፣ ከዚያ መጋረጃውን ስቦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል። እሱ የሰው ጣውላ ሲጠብቅ ሌሊት የራሱ ቤት ወንድ አልባ ነው። ያለነው እናቴ፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴና እኔ ብቻ ነን።

በዚህ የተነሳ ቤታችን ቀን ቀን የሹክሹክታ ቤት ነበር። የድስት ክዳን ጨርቅ ላይ ነው የሚቀመጠው። የወንበሮቹ እግር በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሏል። እናቴ ስትቆጣን እንኳ በሹክሹክታ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ስሜ «ሬዲዮ» ነበር። አባቴ በእንቅልፍ ልቡ ከመጋረጃው ወዲያ «ኧረ ያን ሬዲዮ ዝጉልኝ» ሲል እናቴ አፌን በመዳፏ ትከድነዋለች። ከእናቴ አፍ በቀን ውስጥ በብዛት የምሰማው ቃል «ሽ!» ነበር።

አንድ እሑድ አባቴ ሦስታችንን አስቀምጦ የሃያ ዓመት የዘበኝነት ትምህርቱን ሰጠን።

«ሌባ ቁልፍ አይፈራም» አለ። «ቁልፍ እንጀራው ነው። የሚፈራው ሰው ነው። እነዚህ ደግሞ ዝም ብለው አይመጡም። ማምሻው ላይ አንዱን ይልኩታል። ሽንቱን የሚሸና መስሎ አጥር ጥግ ይቆምና ቤት ውስጥ ወንድ አለ የለም የሚለውን ያዳምጣል። ያ ሰው 'ወንድ አለ' ብሎ ከተመለሰ አበቃ፣ ሌላ ቤት ይሄዳሉ።»

የሚሠራውን ሁሉ በዚያው ቀን ሠራ። የበሩን መወርወሪያ አስረዘመ። ሲረገጥ እንዲንኮሻኮሽ ከመስኮቱ ሥር ጠጠር አፈሰሰ። ከአጥሩ ጫፍ እስከ በሩ ሽቦ ወጥሮ ባዶ ቆርቆሮዎች አንጠለጠለበት። ለእኔም «አንቺ ሬዲዮ፣ ሌላ ቀን ዝም በዪ እንልሽ የለ? ሌባ ከገባ እንደ ልብሽ ጩኺ» አለኝ። «ግን 'ሌባ!' እንዳትዪ። ሌባ ሲባል ሰው በሩን ይቆልፋል። 'እሳት!' በዪ። ያኔ የራሱ ቤት እንዳይቃጠልበት ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይወጣል።»

ቀጥሎ ነው ጆንያውን የፈታው። ጫማው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ካፖርቱ ጀርባው ወደ መስኮት የዞረ ወንበር ላይ ይደረባል፣ ባርኔጣው ከላይ ይሰካል። መብራቱ ሲበራ ጥላው መጋረጃው ላይ ያርፋል፤ ከውጭ ለሚያይ ትከሻው የሰፋ ሰው ተቀምጧል። እህቴ እንዲያስተጋባላት ባዶ ባልዲ ውስጥ አንገቷን ከታ እንደ ወንድ ታስላለች። እኔ ለባሽ ያለው እንዲመስል ጫማውን በየቀኑ ጭቃ አስነካዋለሁ። እናቴ ደግሞ ታወራዋለች፣ ጮክ ብላ።

«ምን ብዬ ላውራው?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ያገኘሽውን። ባሌ ነው ብለሽ አስቢ።»

«ባሌን እኮ አላወራውም፤ ይተኛል።»

እህቴ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። እኔም ሰው ሲስቅ አይቼ ሳቅሁ። እናቴ እንዳልሳቀች ያስተዋልኩት ግን ዛሬ ይህን ስጽፍ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት መሳቂያ ነበር። እናቴ በአንድ እጇ አፏን ይዛ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ትምህርት ቤት ንባብ እንደተጠራች ልጅ ተገትራ «ራት ቀርቧል። ብላ» አለች። እህቴ ባልዲው ውስጥ «እህ! እህ!» ስትል ሳቋ አምልጧት ሳሉ ወደ ማስነጠስ ተቀየረ። ከአጥር ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ምስጢሩን ሰምታ ነበርና፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ኧረ ባልሽን ጉንፋን ገደለብሽ!» ብላ ጮኸች። በሳቅ ሞትን። በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። እናቴ «ራት ቀርቧል» ካለች በኋላ ቁጭ አለች። ሰውዬው ፊት፣ ጉልበቷ ጉልበቱ ሊሆን የሚገባውን ቦታ ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ። «ዛሬ ምን እንደገጠመኝ ታውቃለህ?» አለችው። አትክልት ሻጩ የበሰበሰውን ድንች ከሥር ደብቆ እንዴት ሊሸጥላት እንደነበር፣ እሷ ደግሞ ሚዛኑ ላይ እንዴት እንደዘረገፈችው ነገረችው። የሻጩን ድምፅ አስመሰለች። አፍጥጦ ሲያያት የነበረውን ዓይኑን አስመሰለች። ከዚያ የሰውዬውን መልስ የምትሰማ ይመስል ጸጥ ብላ ቆየችና «አይ አንተ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እናቴ እንደዚያ መሳቅ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ወፍራምና የጠራ ነበር፤ የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ እስኪመልሰው ድረስ ይደርሳል። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን ድምፅ ለኔ አውጥታው አታውቅም። ለካ ነበራት! ነበራትና ደብቃብን፣ መጀመሪያ ለመጣ ካፖርት ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ ምሽቱ የሱ ሆነ። ሻይ መጀመሪያ ለሱ ይቀዳል። «ደክሞሃል አይደል? እግርህን ዘርጋ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ስለ ጉልበቷ ሕመም ትነግረዋለች፤ እኛ ጉልበቷን እንደሚያማት አናውቅም ነበር። ስለ ሞተች እናቷ፣ ስለ ፈረሰ ቤታቸው፣ ትምህርት ቤት ሳለች ስለ ነከሰቻት ጓደኛዋ ትነግረዋለች። እኔ መሐል ገብቼ «እማዬ፣ ምንሽን ነው የነከሰችሽ?» ካልኩ መልሷ «ሽ! ሥራ ላይ ነኝ» ነው። ለኔ «ሽ»፣ ለሱ «የኔ ጌታ»።

ቀናሁ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ካፖርቱን ደርቤ ተቀመጥኩ፤ ምናልባት ለኔ ታወራ እንደሆን ብዬ። «ተነሺ ከዚያ፣ ጥላውን አጠፋሽው» አለችኝ። ሌላ ቀን ሻዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርኩበት። ለካ ሻዩን ማታ ማታ እሷው ነበረች የምትጠጣው። ፉት ስትለው ፊቷ ተኮማተረ፤ ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞራ ጮክ ብላ «ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ዛሬስ በጨው ልገድልህ ነበር» አለችው። እኔን ዞር ብላም አላየችኝም። እህቴ ባልዲዋን አቅፋ ተንከተከተች። እሷስ ምን አለባት፤ ትልቁን ሥራ፣ ሳሉን፣ የያዘችው እሷ ናት። እኔም ሳል ሞክሬ ነበር፣ የድመት ግልገል ያስነጠሰች ነው የሚመስለው ተባልኩ።

በመጨረሻ አቤቱታዬን ለባለሥልጣኑ አቀረብኩ። አባቴ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጓሮ በተሰቀለች ስንጥቅ መስታወት ፂሙን ይላጫል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ሰውዬውን አስወጣው።»

«ምን አደረገሽ?»

«እማዬ ለሱ ብቻ ነው የምታወራው። ትስቅለታለች።»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ። «ትስቅለታለች?»

አስመስዬ አሳየሁት። የአትክልት ሻጩን፣ የሚዛኑን፣ «አይ አንተ!»ን። ማስመሰል እንደሆነ ከእናቴ ወርሼው ኖሯል። አባቴ መጀመሪያ ፈገግ አለ። «ጎበዝ ናት፣ ሥራዋን እየሠራች ነው» አለ። በማግሥቱ ግን ገና ሳሙናውን ሲቀባ ራሱ ጠራኝ። «እስቲ ሬዲዮ፣ የትናንቱን ዜና።»

ሬዲዮ ክፈቱ ተብዬ አላውቅም ነበር፤ ሁሌ ዝጉት ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ከየት ይገኛል? በየቀኑ ፂሙ እስኪያልቅ ድረስ የአባቴ ሁለት ጆሮዎች የኔ ሆኑ። እህቴ በበሩ ስታልፍ እያየችን «ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» ስትል «የሥራ ጉዳይ ነው» እላታለሁ። እውነትም የሥራ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ አባቴ እንደ አለቃ እናቴ የታዘዘችውን በትክክል መፈጸሟን እያጣራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ፊት የአለቃ ፊት አይደለም። አንገቱን ወደኔ ያዘነበለ፣ ምላጩን ማጠብ የረሳ ሰው ነው። «ከዚያስ? ከዚያስ ምን አለችው?» ይላል።

ከዚያ ዝናብ የበዛበት ሳምንት መጣ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ማን ማንን ይሰማል? እናቴም ጉንፋን ይዟት ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እየጣለችለት በጊዜ እንተኛለን። ዜና ደረቀብኝ። አንድ ቀን የለኝም አልኩ። አባቴ «እሺ» ብሎ ወደ መስታወቱ ዞረ። በሁለተኛው ቀን አልጠራኝም። በሦስተኛው ቀን እህቴን ጠርቶ ፎጣ እንድታቀብለው ሲያዝ አየሁ። ያን ጊዜ ሮጬ ሄድኩና ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ትናንት ምን እንዳለችው ታውቃለህ? 'ከባሌ አንተ ትሻለኛለህ' አለችው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ግማሽ ፊቱ እንደተላጨ፣ ግማሹ አረፋ እንዳለበት በፎጣው ጠረገና ለብሶ ወጣ። በሕይወቴ ካቀረብኩት ዜና ሁሉ ምርጡ እንደሆነ ተሰማኝ። አሁን ሰውዬው አለቀለት፣ ነገ በጆንያው ተጠቅልሎ ይመለሳል ብዬ ተኛሁ።

ሰውዬው ግን በማግሥቱም ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ፣ ማምሻው ላይ ጓሮ ቁጭ ብዬ ጫማውን ጭቃ ሳስነካ፣ አጥሩ ጥግ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። «እሳት!» ልል አፌን ከፍቼ ሳለሁ አባቴ መሆኑን ለየሁ። ወደ ሥራ ከወጣ ሰዓት አልፎታል፤ ለካ ባልደረባውን ለምኖ ተክቶ ነው የተመለሰው። ሌባ የላከው ሰው ይቆምበታል ባለን ቦታ፣ እንዳለውም ጀርባውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ቆሟል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገባኝ! ቤቱን ሊፈትን ነው የመጣው፤ ጥበቃችን ይሠራል አይሠራም ብሎ። ጠቀስኩትና ምስጢሬን በሆዴ ይዤ ገባሁ። ትልቋ እህቴ እንኳ ያላወቀችውን እኔ አውቄ ነበር።

እናቴ ያን ቀን ከጉንፋኗ ድና አምሮባት ነበር። ሻይ ቀዳች፣ ተቀመጠች። «ዛሬ ስለ መናኸሪያው ልንገርህ» አለችው። ሳታገባ በፊት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ መኪና መነሻ ሰዓት የምትናገረው እሷ እንደነበረች እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ተነስታ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ተሳፋሪዎቻችን! መኪናችሁ በሦስተኛው በር ተዘጋጅቷል። ልጆቻችሁን፣ ሻንጣችሁን፣ ልባችሁን እንዳትረሱ!» አለች። ልባችሁን የሚለውን ከራሷ ጨምራ ስለተናገረች አለቃዋ እንዴት እንደተቆጣት እየነገረችው ሳቀች። «አንተ ብትሆን ትቆጣኝ ነበር? አትቆጣኝም። አንተ ትሰማኛለህ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹ ተንጫጩ። እህቴ የድስት ክዳን አንስታ ግድግዳውን ትደበድብ ጀመር። እኔ «እሳት!» በማለት ፈንታ በደስታ እዘላለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከአጥር ወዲያ «ምንድነው? ሌባ ነው?» ብላ ጮኸች።

«አይደለም» አለ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ። «እኔ ነኝ።»

ማናችንንም አላየም። ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አወለቀ፣ ደጃፍ ካለው፣ ጭቃ ካስነካሁት ትልቅ ጫማ ውስጥ እግሩን ከተተ። ጫማውን እየጎተተ ወደ ወንበሩ ሄደ። ባርኔጣውን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ካፖርቱ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። እናቴ እንደቆመች ነው።

«ቀጥይ» አለ።

«ምኑን?»

«የመናኸሪያውን። ለሱ የምትነግሪውን።»

«ሌባ እንዲሰማ እኮ ነው» አለች እናቴ። «ዛሬ ሰው ካለ ለምን እለፋለሁ?»

ተመልሳ በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው። አባቴ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። እህቴ ክዳኑን ቀስ ብላ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

«የመናኸሪያውን እኮ አውቀዋለሁ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «እዚያው አልነበርኩም እንዴ? ያመለጠኝ መኪና ሁሉ ያመለጠኝ ያን ድምፅ ስሰማ አይደል?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። «ታዲያ ምን እንደገና ልንገርህ?» አለችው። የሰውዬውን ሻይ አነሳችና ለአባቴ ሰጠችው። ጠጣው። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ የሰውዬውን ወንበር አባቴ ያዘው፣ አሸነፍን ብዬ። ሁለቱም እንደዚያ ያዘኑ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በማግሥቱ ጫማው ለፀጉር አስተካካዩ ተሰጠ። ካፖርቱ የበር ሥር ንፋስ መከላከያ ሆነ። አባቴ አለቆቹን ደጅ ጠንቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቀን ጥበቃ ተዛወረ። ብረት በያጅ መጥቶ መስኮቶቹን በፍርግርግ አጠራቸው። ሌባውን ከሆነ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ግቢ ውስጥ ይዘውታል፤ እኛ ቤት ደርሶም አያውቅ። ምኞቴ ሁሉ ተፈጸመ። ቀን ቀን እንደ ልባችን መጮህ ቻልን፤ የወንበሮቹን እግር ካልሲ አወለቅንላቸው። እናቴ ብቻ በሹክሹክታዋ ቀጠለች።

አባቴ ማታ ማታ ያችን ወንበር ይዞ ይቀመጣል። «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። «ደህና።» «ሌላስ?» «ምን ሌላ አለ።» ጎረቤት የተከፈተ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ይመስል አንገቱን አዘንብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ይተኛል። ለማውራት ይሞክር ነበር፤ ይህን የምመሰክርለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን የመጋዘኑን ድመት ታሪክ ሲነግራት ግማሹ ላይ ጠፍቶበት «ብቻ ድመቷ መጣች» ብሎ ጨረሰው።

በኔ ላይ ግን ተለወጠ። ሬዲዮ ብሎ አልጠራኝም፤ በስሜ ይጠራኝ ጀመር፣ እንደ አስተማሪ። ከትምህርት ቤት ወሬ ይዤ ስመጣ ጨርሼ እስክነግረው ይጠብቅና ወደ እህቴ ዞሮ «እውነት ነው?» ይላታል። ይኼን «እውነት ነው?» እስኪያረጅ አልተወውም። ታሞ በተኛበት ጊዜ ሐኪሙ ያለውን ነግሬው እንኳ እህቴ እስክትመጣ ጠብቆ እሷን ጠይቋታል። ዋሽቼው እንደነበረ ስለማውቅ የሥራዬን አገኘሁ እል ነበር። እንዴት እንደደረሰበት ግን አላውቅም። በእህቴ እስከ ዛሬ እቀናለሁ፤ ምንም ሳትናገር ታመነች።

አሁን እናቴ እኔ ዘንድ ናት። ባለፈው ወር ሰፈራችን ሌባ ገባ ተብሎ ሠራተኛ ጠርቼ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ደወል ሳስገጥም፣ ሶፋው ላይ ሆና መሰርሰሪያው ሲጮህ ታይ ነበር። ሠራተኛው ሲወጣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ነገር አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያኔ ለአባዬ ዋሽቼው ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«'ከባሌ አንተ ትሻለኛለህ' አለችው ብዬ። ያ ዝናብ የበዛበት ሳምንት። አላልሽም፤ ፈጥሬ ነው።»

እናቴ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሳህኑ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ስለነበር አንስቼ አስተካከልኩት።

«ብዬዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«ብዬዋለሁ እኮ ነው የምልሽ። አንቺ ፈጥረሽው ይሆናል። እኔ ግን ብዬዋለሁ፤ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ። ጮክ ብዬም አልነበረም። ለሌባው አልነበረም።»

«ምን ነበረው ሰውዬው?» አልኳት። ሳላስበው ያ የልጅነት ድምፄ ነው የወጣው።

«አይተኛም ነበራ» አለች እናቴ። «አባትሽ ጠየቀኝ። ያን ቀን፣ ትልቁን ጫማ ያደረገ ቀን፣ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ። 'ብለሻል ወይ?' አለኝ። እያለቀሰ ነበር ልጄ፤ አባትሽ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን ልበለው? 'ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ የሷን ወሬ ይዘህ ነው እንዲህ የምትሆነው?' አልኩት። 'ያቺ ልጅ ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው የምትዋሽ፣ ሁለተኛ እንዳታምናት' አልኩት። አመነኝ።»

«እኔንስ?»

«ከሁለታችን አንዳችንን ማመን መተው ነበረበት» አለች። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ተናደድኩ፤ አርባ አንድ ዓመት የሆናት ሴት በሩን ደርግማ ስትናደድ ደስ አይልም፣ ግን ተናደድኩ። በአእምሮዬ ወደ አባቴ ሮጥኩ። «አባዬ፣ እውነት ነበር፤ አልዋሸሁህም፤ እህቴን መጠየቅ አያስፈልግህም» ልለው። እንደገና ያን አንገቱን አዘንብሎልኝ እንዲሰማኝ እንዴት እንደፈለግኩ! ከዚያ ግን የሚሰማው ምን እንደሆነ አሰብኩ።

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በሕይወት ቢኖርም አልነግረውም ነበር። ውሸታም ልጅ ብትኖረው ይሻለዋል።